የወገብ፣ የትከሻና የእጅ ሕመም የጀመራቸውን ሠራተኞች በጊዜ መደገፍ፦ ለፋብሪካዎች ዝርዝር መመሪያ

የአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ክሊኒክ መዝገብ ብትገልጡ አንድ ዓይነት ታሪክ ደጋግሞ ይገጥማችኋል። «የትከሻ ሕመም፤ ዲክሎፌናክ ተሰጣት፤ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች።» ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው ስም፣ ያው ትከሻ፣ ያው መድኃኒት። ቀጥሎ መርፌ፤ ቀጥሎ የሦስት ቀን የሕመም ፈቃድ። ከዚያ ስሙ ከመዝገቡ ይጠፋል። የዳነች ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ሥራውን ትታ ወደ ቤተሰቧ ተመልሳለች። ነርሷ መድኃኒት ሰጥታለች፣ አለቃው ፈቅዷል፣ ሠራተኛዋም ታዝዛ ተመልሳለች፤ ሁሉም የድርሻውን የሠራ ይመስላል። የቀረው ነገር አንድ ነው፦ የተቀመጠችበትን ወንበር ሄዶ ያየ የለም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በሐዋሳ፣ በቦሌ ለሚ ወይም በኮምቦልቻ ዓይነት የኢንዱስትሪ ፓርኮች ውስጥ እንደምናውቃቸው ያሉ የስፌት ፋብሪካዎችን በማሰብ ነው። በአበባ እርሻ ማሸጊያ ክፍልም ሆነ በውኃ ፋብሪካ ውስጥ ለሚሠራ ሰው አብዛኛው ነገር ያገለግላል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት 1.71 ቢሊዮን ያህል ሰዎች የጡንቻ፣ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ችግር አለባቸው፤ ሰዎችን ከሥራ ከሚያስቀሩት መካከል ደግሞ የወገብ ሕመም ግንባር ቀደሙ ነው። ደግነቱ አብዛኛው አዲስ ሕመም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይለቃል። ጥያቄው በእነዚያ ሳምንታት ማን ምን ያደርጋል የሚለው ነው። በስፔን ማድሪድ ተሞክሮ በ2005 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ ጥናት፣ በዚህ ዓይነት ሕመም ከሥራ የቀሩ ሠራተኞች ወራት ሳይጠብቁ ቀደም ብለው በባለሙያ ታዩ፣ ስለ ሕመማቸው ተብራራላቸው፣ እንዲንቀሳቀሱም ተበረታቱ። ከሥራ የቀሩባቸው ቀናት ከተለመደው ሕክምና ጋር ሲነጻጸሩ ወደ 40 በመቶ ገደማ ቀነሱ። ስፔሻሊስት በየፋብሪካው የለንም፤ ነገር ግን ከዚያ ሥራ ውስጥ ትልቁን ድርሻ አንዲት ነርስና አንድ አስተዋይ የመስመር አለቃ ሊሠሩት ይችላሉ።

1. ማንም ሳይታመም አስቀድሞ የሚዘጋጅ ነገር

ሦስት ኃላፊዎችን ሰይሙ። የመስመር አለቃው ቅሬታውን የሚሰማ፣ የክሊኒኩ ነርስ የምትመረምር፣ የሰው ሀብት ክፍሉ ደግሞ የሥራ ለውጡን በወረቀት የሚያጸድቅ ይሁን። ሠራተኛው «አመመኝ» ካለበት ሰዓት አንሥቶ ሥራው እስኪስተካከል ድረስ ከሁለት የሥራ ቀን በላይ እንዳያልፍ የጊዜ ገደብ አስቀምጡ። የመስመር አለቃው ለአንድ ቀን ሰውን ከቦታ ወደ ቦታ ለማዛወር የማንንም ፊርማ የማይጠብቅ መሆን አለበት። ፊርማ ፍለጋ ሁለት ፎቅ መውጣት ካለበት አያዛውርም፤ ይህንን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ አሰልቺ ቢመስልም ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው እሱ ነው፦ የተለዋጭ ሥራዎች ዝርዝር። ነርሷ፣ አንድ አለቃና አንዲት የቆየች ኦፕሬተር ሆነው የምርት አዳራሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዙሩ። በእያንዳንዱ የሥራ ቦታ ላይ ቆመው «ይህ ሥራ የቱን የአካል ክፍል ነው የሚያደክመው?» ብለው ይጠይቁና ይጻፉት። ብዙ ፋብሪካዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ቀላል ሥራ» የሚባል ነገር ያለ ይመስላቸዋል። ትከሻዋን ላመማት ልጅ ክር መቁረጥ እውነትም ሊቀላት ይችላል፤ አውራ ጣቷን ወይም የእጅ አንጓዋን ላመማት ግን ቀኑን ሙሉ መቀስ መክፈትና መዝጋት ከመስፋት የባሰ ነው። ጥራት መቆጣጠር ለእጅ ዕረፍት ነው፤ ስምንት ሰዓት ቆሞ ለሚውል ጉልበት ግን ቅጣት ነው። ካውያ ትከሻን ያደክማል። እሽግ ማመላለስ ወገብን ይጎዳል፤ በጋሪ ከሆነ ግን ተቀምጦ ለደነዘዘ ወገብ መልካም እንቅስቃሴ ሊሆን ይችላል። መለያ ማሰር፣ መቁጠር፣ መመዝገብና አዲስ ገቢዎችን ማለማመድም በዝርዝሩ ይግቡ። ስለዚህ ዝርዝሩ «ለትከሻ ሕመም የሚሆኑ»፣ «ለእጅ አንጓ የሚሆኑ»፣ «ለወገብ የሚሆኑ»፣ «ለጉልበት የሚሆኑ» ተብሎ ይከፈል። አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ በየአለቃው ጠረጴዛ ላይ ይለጠፍ።

2. ሕመምን መናገር የማያስከፍል አድርጉት

ሠራተኛ ሕመሙን የሚደብቀው በቂ ምክንያት ኖሮት ነው። ከደመወዙ ላይ የምትጨመረው የመገኘት ጉርሻ በአንድ ቀን መቅረት ትጠፋለች። ኮታ አልሞላም ከተባለ ወቀሳ አለ። ውሉ ሊያልቅ የተቃረበ ደግሞ «በሽተኛ ናት» መባሉን ይፈራል። በዚህ መሀል «ሕመም ሲጀምራችሁ ቶሎ ንገሩን» የሚል ማስታወቂያ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ወረቀት ማባከን ነው።

ስለዚህ በጽሑፍ የሚወሰኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ወደ ተለዋጭ ሥራ የተዛወረ ሠራተኛ ደመወዙም የመገኘት ጉርሻውም አይነካም፤ ሥራ ላይ ነውና ያለው። ሁለተኛ፣ ያ ሠራተኛ ያለበት መስመር ኮታ በዚያው ልክ ይቀነስለታል። ሁለተኛውን ብዙዎች ይረሱታል። የመስመሩ ኮታ እንዳለ ሆኖ አንድ ሰው በግማሽ አቅም የሚሠራበት አለቃ፣ ልቡ ምንም ያህል ርኅሩኅ ቢሆን፣ በሦስተኛው ቀን ያንን ሰው ወደ ቀድሞ ማሽኑ ይመልሰዋል። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ ውሳኔው በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ እንዲገባ አድርጉ፤ ሥራ አስኪያጅ ሲቀየር አብሮ የሚቀየር ውሳኔ ማንም አይተማመንበትም።

3. የመጀመሪያው ውይይት

አሥር ደቂቃ ይበቃል፤ አሥሩ ደቂቃ ግን እውነተኛ መሆን አለበት። በአንድ ስፌት ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ የሚካሄድ ውይይት ይህን ይመስላል እንበል፦

«ሲስተር፣ ትከሻዬን ነው የሚያመኝ። መርፌ ቢወጉኝ ይሻለኛል።»
«መርፌው ይደርሳል። አሁን ግን ንገሪኝ፤ ጠዋት ስትነሺ ነው የሚያምሽ ወይስ እየሠራሽ?»
«ከምሳ በኋላ ነው የሚጀምረኝ። እሑድ ደኅና ነኝ።»
«ምን እየሰፋሽ ነው?»
«ኮሌታ። ቁልሉ በግራዬ በኩል መሬት ላይ ነው የሚቀመጠው። እየዞርኩ ነው የማነሣው።»
«ቀድሞም እንዲህ ነበር?»
«አልነበረም። ሞዴሉ ከተቀየረ ወዲህ ነው።»

ነርሷ ገና እጇን ሳታነሣ ግማሹን አውቃለች። እሑድ የሚተው፣ ከቀትር በኋላ የሚነሣ፣ ሞዴል ሲቀየር የጀመረ ሕመም ከሥራው አቀማመጥ ጋር የተያያዘ ለመሆኑ ጠንካራ ፍንጭ ነው። ቁልሉም የት እንዳለ ታውቋል።

ከዚህ ሌላ የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ እግር ይወርዳል? መደንዘዝ፣ መውረር፣ ዕቃ ከእጅ ማምለጥ አለ? ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል? ከዚህ በፊት እንዲህ ሆኖ ያውቃል? ምን ሲደረግ ይሻለዋል? ቤትስ ምን ሥራ ይጠብቃታል? የመጨረሻው ጥያቄ በጥንቃቄ ይነገር። ሰው ውኃ በጀሪካን ይቀዳል፣ ልጅ ያዝላል፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ በቀጭን ፍራሽ ላይ ይተኛል። ይህን የምንጠይቀው ጥፋቱን ወደ ቤቷ ለመግፋት ሳይሆን እዚያም የሚቃለል ነገር ካለ ለመምከር ነው። «ሕመሙ ከአሥር ስንት ነው?» ከሚለው በተጨማሪ የዕለት ተግባርን ጠይቁ፦ ፀጉርሽን ማበጠር ትችያለሽ? የታክሲ በር ትከፍቻለሽ? በሚቀጥለው ሳምንት መሻሻሉን የሚያሳየው ይህ ነው።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ፈጽሞ እንዳይቀር፦ «ምን ይሆናል ብለሽ ነው የፈራሽው?» አንዷ «ዲስክ መንሸራተት ነው፣ ሽባ ትሆኛለሽ ተብያለሁ» ትላለች፤ ሌላዋ ሥራዋን እንዳታጣ ትፈራለች። ስጋት ሕመምን ያባብሳል፤ መጠንቀቅ የመሰለው ሰው ሰውነቱን አድርቆ ይይዝና ሌላ ሕመም ይጨምራል።

4. ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል የሚላኩ

አብዛኛው ሕመም አደገኛ ባይሆንም ነርሷ ሳታጣራ የማታልፋቸው ምልክቶች አሉ። ከወገብ ሕመም ጋር ሽንት መሽናት አለመቻል ወይም ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ በመቀመጫና በብልት አካባቢ መደንዘዝ፣ ሁለቱም እግሮች መድከም፤ ይህ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ አምቡላንስ ጥሩ። ከመውደቅ ወይም ከአደጋ በኋላ የመጣ ከባድ ሕመምም እንዲሁ። ያበጠ፣ የቀላና የሚያቃጥል መገጣጠሚያ ከትኩሳት ጋር ከታየ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። የደረት መጨናነቅና ላብ ያለበት የግራ ክንድ ሕመም የጡንቻ ነው ተብሎ በመድኃኒት መሸኘት የለበትም።

ለእኛ አገር ሁለት ነገሮች ይጨመሩ። ለሳምንታት የቆየ፣ በዕረፍትም የማይተው የጀርባ ሕመም ከማታ ማታ ትኩሳት፣ ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ጀርባ ላይ የወጣ ጉብታ ካለ ደግሞ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠነክራል። ሳል የግድ አይደለም። ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ወይም ከከብት ጋር የሚውል ሰው የሚመላለስ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ካለው ብሩሴሎሲስ (ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ) መኖሩ ይመርመር። እነዚህን በማሸትና በዲክሎፌናክ ማስታመም ጊዜ ማባከን ብቻ ሳይሆን ጉዳት ማባባስ ነው።

5. የመጀመሪያው ሳምንት በክሊኒክ

አደገኛ ምልክት ከሌለ የመጀመሪያው ሕክምና ቃል ነው። «አጥንትሽ አልተሰበረም፤ ጡንቻሽና ጅማትሽ ከመጠን በላይ ሠርተው ተቆጥተዋል። ብዙ ሰው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይድናል። መንቀሳቀስ አይጎዳሽም፤ ሥራውን ደግሞ እኛ እናስተካክላለን።» ይህን ከልብ የተናገረች ነርስ ከመድኃኒቱ እኩል ሠርታለች።

አልጋ ላይ መዋል ለተራ የወገብ ሕመም መድኃኒት አይደለም፤ ጡንቻን ያደክማል፣ መዳንን ያዘገያል። በልክ መራመድ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ የትከሻ አጥንቶችን ወደ ኋላ ማጠጋጋት፣ አንገትን ቀስ ብሎ ማዞር ይጠቅማል። ሙቅ ፎጣ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ደስ ያለው ይጠቀም።

መድኃኒትን በተመለከተ ግልጽ እንሁን። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ሕመሙን ያስታግሳሉ፤ የሚሰጡት በዝቅተኛ መጠንና ለአጭር ቀናት፣ ከምግብ ጋር ነው። የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ላለበት፣ የደም ግፊቱ ከፍ ላለ ሰው፣ ለነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጡም። ሁለቱን በአንድ ላይ መውሰድ ጨጓራን መጉዳት እንጂ እጥፍ ፈውስ አይደለም፤ አንድ ቤተሰብ ናቸውና። የዲክሎፌናክ መርፌም ያው ከእንክብሉ ጋር አንድ መድኃኒት ነው፤ በፍጥነት ቢሠራም የበለጠ አያድንም። ከፋርማሲ በራሳቸው ገዝተው የሚውጡ ብዙ ናቸውና ከመስጠታችሁ በፊት «ዛሬ ምን ወስደሻል?» ማለት ግዴታ ነው።

ወጌሻ ጋ መሄድን በተመለከተ መቆጣት አይጠቅምም፤ የተቆጣችሁት ሰው ሳይነግራችሁ ይሄዳል። በዘይት ቀስ ብሎ ማሸት ለተቆጣ ጡንቻ ጉዳት የለውም። አንገትን በኃይል ማዞርና የተጎዳን እጅ አጥብቆ ማሰር ግን አደጋ ነው። ታስሮ ጣቶቹ ከበረዱ፣ ከደነዘዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው በዚያው ቅጽበት ይፈታ፤ በጠበቀ ማሰሪያ ምክንያት እጃቸው የተቆረጠ ሰዎች በሆስፒታሎቻችን አሉ።

ራጅና ኤምአርአይም በመጀመሪያው ሳምንት አያስፈልጉም፤ ምንም የማያማቸው ሰዎች ወገብ እንኳ ቢታይ ወጣ ያለ ዲስክ መገኘቱ የተለመደ ነው። ያንን ውጤት ያነበበ ሠራተኛ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱን እንደ ተሰበረ ይቆጥራል።

6. ወንበሩን ሄዳችሁ እዩት

ይህ ካልተሠራ ሌላው ሁሉ ማስታገሻ ነው። ነርሷና የመስመር አለቃው ሠራተኛዋ ስትሠራ ቢያንስ አሥር ደቂቃ አብረው ይዩ። ብትፈቅድ በስልክ ይቅረጿት፤ ራሷ ስታየው «እንዲህ ነው እንዴ የማጎነብሰው?» ትላለች።

ከእግር ጀምሩ። ፔዳሉ ሩቅ ከሆነ ዳሌዋ ወደ ጫፍ ይንሸራተትና ጀርባዋ መደገፊያ ያጣል፤ ፔዳሉ ወደ እሷ ይቅረብ። ወንበሩ መደገፊያ የሌለው ጠንካራ አግዳሚ ከሆነ ስፖንጅና የጀርባ ድጋፍ ይሠራለት፤ ለአናጺ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ቁመቱ የማይስተካከል ወንበር አጭሯን ሴት ክንዷን አንሥታ፣ ረጅሟን አንገቷን ደፍታ እንድትሠራ ያስገድዳል። ስትሰፋ ክርኗ በጎኗ ዘና ብሎ ጠረጴዛው ከክርኗ ጋር የተስተካከለ ይሁን። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ከወጣ ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው፤ እንዲህ ያለችው ልጅ ማታ ላይ «ማጅራቴን ጨመደደኝ» ትላለች።

ከዚያ ዓይንን እዩ። መርፌው ጋ ያለው መብራት ከደከመ ሠራተኛዋ ወደ ጨርቁ ትጎነበሳለች። የአንገት ሕመም ብለን የምናክመው ብዙ ጊዜ የአምፖል ችግር ነው። በጥቁር ጨርቅ ላይ ጥቁር ክር በሚሰፋበት ቀን ይህ እጥፍ ይሆናል።

ቀጥሎ ቁልሉ። በላይኛው ውይይት ላይ እንዳየነው እሽጉ መሬት ላይ ሲቀመጥ በአንድ ፈረቃ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር መጠምዘዝና ማጎንበስ ያስከትላል። ከእንጨት የተሠራ መደርደሪያ በክርን ቁመት፣ ከፊቷ በስተጎን ይቁም፤ የተሰፋውም ወደ ኋላ ከመወርወር በተቃራኒው ጎን ይቀመጥ። እሽጉን የሚያስሩት ሰዎች ብዛቱን ቢቀንሱ ደግሞ የበለጠ ይቀላል። መቀሱ ደንዞ ከሆነ ይሳል፤ የደነዘ መቀስ ጉዳቱ ለአውራ ጣት ነው።

መጨረሻ ላይ ጊዜውን እዩ። አንድን እንቅስቃሴ ሳያቋርጡ የሚደጋግሙ ጡንቻዎች ደም ለመቀበል ፋታ ይፈልጋሉ። በየግማሽ ሰዓቱ ግማሽ ደቂቃ እጅን ማውረድና ትከሻን ማንከባለል ከአንድ ረጅም ዕረፍት ይሻላል። በየሁለት ሰዓቱ ሥራ ማለዋወጥ ከተቻለም እሰየው፤ ነገር ግን ከኮሌታ ወደ እጅጌ መዛወር መለዋወጥ አይደለም። የሚሠራው ጡንቻ መቀየር አለበት።

ዕቃ በሚነሣበት ክፍል ሌላ ቁጥር ይታወስ። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም፣ ናዮሽ፣ በ1991 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው ስሌት መሠረት በምቹ ሁኔታ፣ ለሰውነት ተጠግቶ፣ በወገብ ቁመት ለሚነሣ ዕቃ እንኳ የሚመከረው ጣሪያ 23 ኪሎ ነው። የእኛ የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ ነው፤ ኩንታል እህል ደግሞ 100 ኪሎ። «ጉልበትህን አጥፈህ አንሣ» የሚል ሥልጠና ይህን ልዩነት አይሞላውም። ጋሪ፣ ሁለት ሰው፣ ከፍ ያለ መጫኛና አነስ ያለ ከረጢት ይሞሉታል።

7. የሁለት ሳምንት ስምምነት

ሠራተኛዋ፣ አለቃዋና ነርሷ በአንድ ገጽ ላይ ይስማሙ። ምሳሌ፦ «ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ኮሌታ ትሰፋለች፣ ኮታዋ 60 በመቶ፤ ከሰዓት በኋላ መለያ ታስራለች፤ ከትከሻ በላይ የሚነሣ ነገር የለም፤ የትርፍ ሰዓት ሥራ የለም፤ ደመወዟ አይነካም። በሚቀጥለው ሰኞ ኮታዋ ወደ 80 በመቶ ያድጋል። ቅዳሜ አምስት ደቂቃ እንገናኛለን።» ማብቂያ ቀን የሌለው ስምምነት ሁለት መጥፎ ፍጻሜ አለው፦ ወይ በሦስተኛው ቀን ይረሳል፣ ወይ ሠራተኛዋ እዚያው ተረስታ ሙያዋ ይዝጋል።

ሥራ ሲጨመር ትንሽ ሕመም መሰማቱ አይቀርም፤ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯት። መለኪያው የማግስቱ ጠዋት ነው። ማታ ጨምሮ ጠዋት ወደ ነበረበት ከተመለሰ ቀጥሉ። ጠዋትም እንደ ጨመረ ከቆየ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መልሱ፤ ሁሉንም ማቆም ግን አያስፈልግም። ሙሉ በሙሉ እስኪድን ከሥራ ይራቅ የሚለው አሳቢ የሚመስል አመለካከት ነው። ነገር ግን ከባልደረባ፣ ከገቢና ከዕለታዊ እንቅስቃሴ በራቀ ቁጥር መመለሱ ይከብዳል።

8. ካልተሻላት

ሁለት ሳምንት አልፎ ለውጥ ከሌለ ሐኪም ይያት። ስድስት ሳምንት ካለፈ፣ ወይም መደንዘዝና የጡንቻ መድከም ከታየ፣ ወደ አጥንት ሐኪም ወይም ወደ ፊዚዮቴራፒስት (በአካል እንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ትላክ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል፤ በትልልቅ ሆስፒታሎች አገልግሎቱ ይገኛል፤ ወረፋ ስለሚኖር ሪፈራሉ ቀድሞ ይጻፍ።

በሌሊት አውራ ጣትን፣ ጠቋሚና መሀል ጣትን እያደነዘዘ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ እጅን ሲያራግፉት የሚተው ሕመም የካርፓል ተነል ምልክት ነው፤ በእጅ አንጓ ላይ ያለፈ ነርቭ ተጨንቋል። በእርግዝና ጊዜ ይበዛል። አንጓውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ለተወሰኑ ሳምንታት ሌሊት ሌሊት ማሰር ብዙዎችን ይረዳል። ችላ ከተባለ ግን የአውራ ጣት ሥር ጡንቻ ይሟሽሻል፤ ይህ ከሆነ በኋላ መመለሱ አስተማማኝ አይደለም።

የሪፈራል ወረቀቱ ላይ ሥራውን ግለጹ፦ በቀን ስንት ሰዓት ትቀመጣለች፣ ምን ታነሣለች፣ እጇ ምን ይደጋግማል። ሥራውን የማያውቅ ሐኪም «ቀላል ሥራ ይሰጣት» ብቻ ብሎ ይጽፋል፤ ያ ወረቀት ደግሞ ለአለቃው ምንም አይነግረውም። «ምን መሥራት ትችላለች፣ ምንስ እስከ መቼ ይከለከላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

9. ፈቃድ ሲያስፈልግና ሕጉ

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ ጋር ባልተያያዘ ሕመም መሥራት ካልቻለ በ12 ወራት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ሠራተኛው በቀረ በማግሥቱ ማሳወቅና ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል።

ጉዳቱ በሥራ ምክንያት የመጣ ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሪዎቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል፤ የሕክምና ወጪውም የአሠሪው ነው። ቀስ በቀስ የመጣን የትከሻ ሕመም በሥራ ምክንያት የመጣ ነው ብሎ ማስረዳት ግን ከማሽን አደጋ ይከብዳል። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ቀን ምዝገባ ለሠራተኛዋ ዋጋ የሚኖረው፤ ወረቀት ከሌለ ማስረጃ የለም። አዋጁ አሠሪው የሥራው ሂደት ለጤና ጠንቅ እንዳይሆን አስቀድሞ እንዲከላከልም ያስገድዳል፤ ከዘረዘራቸው ጠንቆች መካከል የሥራ አቀማመጥና ከሰውነት ጋር ያለመጣጣም ጉዳይ ይገኝበታል። ስለዚህ ወንበር ማስተካከል ቸርነት አይደለም።

10. ክሊኒክ በሌለበት

የቀን ሠራተኛ፣ ጫኝና አውራጅ፣ የግንባታ ሠራተኛ ነርስም የሰው ሀብት ክፍልም የለውም። እዚያ ፎርማኑ ይህን ሁሉ ሊሠራ አይችልም፤ ሁለት ነገር ግን ይችላል። ወገቡን ያመመውን ሰው ለሳምንት ከመሸከም ወደ ማቀበል ወይም ወደ መቆጣጠር ማዛወር፣ በዚያም ቀን የቀን አበሉን አለመቀነስ። ሠራተኛውም በወረዳው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆነ በጤና ጣቢያ ለመታየት ከኪሱ ማውጣት አይኖርበትም፤ ምዝገባውና መዋጮው ግን በወቅቱ መከፈል አለበት፤ ወገብ ከተያዘ በኋላ የሚሮጥበት ነገር አይደለም።

11. መዝገቡ

የአለቃው ቅጂ ላይ የሕመሙ ስም አይጻፍ፤ አለቃው ማወቅ ያለበት ምን እንደማትሠራና እስከ መቼ እንደሆነ ነው። የሕክምና ማስታወሻው በክሊኒኩ ቁልፍ ሥር ይቀመጥ። በሌላ በኩል የክሊኒኩ መዝገብ አንድ ዓምድ ይጨመርበት፦ የማሽኑ ወይም የሥራ ቦታው ቁጥር። በየወሩ መጨረሻ መዝገቡን በስም ሳይሆን በዚያ ዓምድ አሰባስባችሁ አንብቡ። አንድ ማሽን ላይ በሁለት ወር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ትከሻቸውን ከታመሙ፣ ሦስተኛ ሰው እዚያ ከመመደቡ በፊት ወንበሩም፣ ፔዳሉም፣ ቁልሉም ይስተካከሉ፤ የተስተካከለበትም ቀን በመዝገቡ ላይ ይጻፍ።